ጣና ዳር ላለ ቤት መጥሪያ ሲመጣ

ባሕር ዳር ሽምብጥ ያለውን የአባትዎን ቤት፣ ወይም ዘጌ ያለውን የቡና ጓሮ፣ አንድ ዘመድ ‹‹ድርሻዬ ነው›› ብሎ ከሰሰዎት እንበል። መጥሪያው ውጭ አገር ያለ ቤትዎ ድረስ ላይመጣ ይችላል። ሕጉ ውጭ ለሚኖርና ወኪል ለሌለው ተከሳሽ መጥሪያ በፖስታ እንዲላክ ይላል፤ ከሳሽ ‹‹አድራሻውን አላውቅም›› ካለ ግን ጥሪው በጋዜጣ ሊወጣ ይችላል፣ በአማራ ክልል ለምሳሌ በ‹‹በኩር›› ላይ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በቴሌግራም የላከልዎትን የጥሪውን ፎቶ አይናቁት።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪ ራሱ ቀርቦ እንዲከራከር ይፈቅዳል። መጥሪያው በአግባቡ ደርሶ ካልቀረቡ ግን በቁጥር 70 መሠረት ክርክሩ እርስዎ በሌሉበት ይቀጥላል። ቀጠሮውንም በአገርዎ አቆጣጠር ያንብቡት፦ 10/3 ማለት ኅዳር 10 ነው። ማርች 10 ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

መምጣት ካልቻሉ ውክልና አለ። እንደ ትዳር ጓደኛ፣ ወንድም ወይም ልጅ ያለ የቅርብ ዘመድ፣ ገንዘብ ሳይቀበል፣ ጠበቃ ባይሆንም ሊቆምልዎት ይችላል። ሰነዱን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ፈርመው ይልኩታል፤ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያረጋግጠው ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቃላቱ ላይ ነው። ‹‹ንብረቴን ያስተዳድርልኝ›› የሚል ጠቅላላ ውክልና ለፍርድ ቤት አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ለመክሰስ፣ ለክስ መልስ ለመስጠትና ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ‹‹ለቀረበብኝ ክስ መልስ እንዲሰጥ፣ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲጠይቅ›› ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ‹‹እንዲታረቅ›› የሚለውን ግን እኔ ብሆን በቀላሉ አልሰጥም፤ ‹‹እንዲሸጥ›› የሚለውንማ ጭራሽ።

ዋናው ሥራ የመከላከያ መልሱ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ቅርጹን ያውቁታል፤ ታሪኩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ‹‹ክሱን ሙሉ በሙሉ ክጃለሁ›› ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 83 መሠረት ተለይቶ ያልተካደ ፍሬ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። ከሳሽ በአንቀጽ ሦስት ‹‹ቤቱን አብረን ሠራነው›› ካለ፣ እርስዎም ስለ አንቀጽ ሦስት ማን እንደሠራው፣ መቼና በማን ገንዘብ እንደሆነ ይመልሱ። ሰነድዎንና የምስክሮችዎን ዝርዝር ከመልሱ ጋር አያይዙ፤ በኋላ ‹‹ረስቼው ነው›› ማለት ብዙ አያስኬድም። መጨረሻው ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጠው ይፈርሙ።

ከፍሬ ነገሩ በፊት ግን መቃወሚያዎች ይቅደሙ (ቁጥር 244)። ነገሩ ቀድሞ ተፈርዶበታል? ከሳሽ የመክሰስ መብት አለው? ጊዜው አልፎበታል? የመጨረሻውን በተለይ ያስቡበት፤ እርስዎ ይርጋን (የጊዜ ገደቡን) ካላነሡ ዳኛው በራሱ አያነሣልዎትም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ይከለክለዋል። የውጭ ፓስፖርት ከያዙ ደግሞ የወረዳው ፍርድ ቤት ሥልጣን አለው ወይ ብለው ይጠይቁ። የውጭ ዜጋ ያለበት ክርክር በመርሕ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ የክልሉ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል ሥልጣን ተደርቦ ተሰጥቷቸዋል።

ሽማግሌ ከገባ ደስ ይላል፣ የዘመድ ነገር በእርቅ ቢያልቅ ይሻላል። ሆኖም ‹‹እየተነጋገርን ነው›› ብለው ቀጠሮ አያሳልፉ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ሆኖ ችሎት ላይ ይመዝገብ።

አስቀድሞ ተፈርዶብዎት ከሆነስ? መጥሪያው በአግባቡ ካልደረሰዎት ወይም በበቂ ምክንያት ካልቀረቡ፣ ፍርዱን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ይነሣልኝ ብለው ያመልክቱ። ወሩ የሚቆጠረው ካወቁበት ቀን ነውና ወሬውን ያመጣልዎትን የቴሌግራም መልእክት አያጥፉት። እርስዎን ሳይጠሩ ወንድምና እኅት ተካስሰው ቤቱን ከተከፋፈሉት ደግሞ መንገዱ ቁጥር 358 ነው፦ መብቱ የተነካ የክርክሩ ተካፋይ ያልሆነ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ያቀርባል።