ከእናት የሚወረስ መከላከያና የኩፍኝ ክትባት ጊዜ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1846 በፋሮ ደሴቶች የተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ ከ7,800 ገደማ ነዋሪዎች መካከል 6,000 ያህሉን አዳረሰ። ወረርሽኙን ያጠናው ዴንማርካዊው ሐኪም ፒተር ሉድቪግ ፓኑም በ1781 በኩፍኝ ተይዘው የነበሩ አረጋውያን ከ65 ዓመት በኋላ እንደገና እንዳልታመሙ አስተዋለ። ምልከታው አንድ ጊዜ የተገኘ የመከላከል አቅም ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ እንደሚችል አመለከተ። ይኸው አቅም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ግን የሚቆየው ለወራት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ወራትም ልጁን ከበሽታ ሲጠብቅ ክትባቱን ሊያሰናክል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የተቃርኖውን ምክንያትና በኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ላይ ያለውን አንድምታ ይመረምራል።

የሕዋሳቱና የፀረ እንግዳ አካላት አሠራር

አንቲቦዲ በመባልም የሚታወቁት ፀረ እንግዳ አካላት ቢ ሕዋስ ከሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚመነጩ ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዱ ቢ ሕዋስ በገጹ ላይ የራሱ ቅርጽ ያለው ተቀባይ ይይዛል። የኩፍኝ ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ ከቫይረሱ ክፍሎች ጋር የሚገጥም ተቀባይ ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ይነቃሉ፤ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥም በረዳት ቲ ሕዋሳት እገዛ ይራባሉ። ከፊሎቹ ፕላዝማ ሕዋስ ሆነው ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ፤ ከእነዚህም ረጅም ዕድሜ ያላቸው በመቅኔ ውስጥ ሰፍረው ለዓመታት ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ሌሎቹ ቫይረሱ ዳግም ሲመጣ ፈጥነው የሚነሡ የትውስታ ሕዋሳት ይሆናሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው፤ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ በጎልማሳ ሰው ዘንድ በ21 ቀናት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የአረጋውያኑ ጥበቃ ለ65 ዓመታት የዘለቀው አምራቾቹና የትውስታ ሕዋሳቱ በሰውነታቸው ውስጥ ስለቆዩ ነው።

ከእናት ወደ ልጅ

በእርግዝና ወቅት በእንግዴ ልጅ ላይ የሚገኝ ልዩ ተቀባይ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂን ከእናቲቱ ደም ወደ ጽንሱ ያሻግራል። አብዛኛው ዝውውር የሚከናወነው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት በመሆኑ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚያገኘው ድርሻ አነስተኛ ነው። ከወሊድ በኋላም እንገርና የጡት ወተት በዋናነት ኢሚውኖግሎቡሊን ኤን ይሰጣሉ፤ ይህም በአንጀትና በጉሮሮ ገጽ ላይ የሚሠራ እንጂ በደም የሚገኘውን የኩፍኝ መከላከያ የሚተካ አይደለም።

ሕፃኑ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚወርሰው ፀረ እንግዳ አካሉን እንጂ አምራች ሕዋሳቱን አይደለም። በመሆኑም የተወረሰው መጠን ሳይተካ ይመናመናል። መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ፣ የአንዲት እናት የፀረ እንግዳ አካል መጠን ከሌላዋ በእጥፍ ቢበልጥ የልጇ ጥበቃ የሚረዝመው በአንድ የግማሽ ቅነሳ ጊዜ ብቻ ነው። በክትባት የተጠበቁ እናቶች በበሽታው ከታመሙት ይልቅ አነስተኛ መጠን ስለሚኖራቸው የልጆቻቸው ጥበቃ ቀድሞ ያልቃል።

ክትባቱ የሚሰናከልበት ምክንያት

የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ውጤት የሚሰጠው ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ በመጠኑ ሲራባ በመሆኑ፣ በሕፃኑ ደም ውስጥ የቀረው የእናት ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ካመከነው ቢ ሕዋሳቱ በሚገባ ሳይነቁ ይቀራሉ። የሕፃኑ ቢ ሕዋሳት ራሳቸው ገና አለመጎልመሳቸውም ምላሹን ያዳክማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በ9 ወር ከተከተቡ ሕፃናት 85 በመቶ ያህሉ፣ በ12 ወር ከተከተቡት ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ ጥበቃ ያገኛሉ። ክትባቱን ማዘግየት ምላሹን ሲያሻሽል ሕፃኑን ያለጥበቃ የሚቆይበት ጊዜ ላይ ይጥለዋል። የኩፍኝ ስርጭት ባልተገታባቸው አገሮች የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር እንዲሰጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው አንድምታ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመደበኛነት የሚሰጠው ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወር ይሰጣል። የኩፍኝ ስርጭትን ለመግታት 95 በመቶ ያህሉ ሕዝብ የተጠበቀ መሆን ይገባዋል። አንድ መቶ ሕፃናት ሁሉም በ9 ወር ቢከተቡ 85 ያህሉ ብቻ ይጠበቃሉ፤ 80ዎቹ ብቻ ቢከተቡ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 68 ይወርዳል። ሁሉም ሁለተኛውን ክትባት ካገኙ ግን ከቀሩት 15 ሕፃናት አብዛኞቹ ስለሚጠበቁ ድምሩ ወደ 99 ይደርሳል። ስለሆነም ሁለተኛውን ክትባት እንደ ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብቻ መመልከት ስሕተት ነው፤ ዋና ተግባሩ በመጀመሪያው ምላሽ ላልሰጡት ዕድል መስጠት ነው።

ሳይጠበቁ መቅረት የሚያስከትለው ጉዳትም በኩፍኝ ብቻ አይወሰንም። ቫይረሱ የትውስታ ሕዋሳትን ራሳቸውን ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በኔዘርላንድስ ባልተከተቡ 77 ሕፃናት ላይ የተካሄደ ጥናት ከኩፍኝ በኋላ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው የፀረ እንግዳ አካላት ስብጥራቸው እንደጠፋ አሳይቷል። ከኩፍኝ የዳነ ሕፃን ቀደም ሲል ድል ለነሣቸው ሌሎች በሽታዎች እንደገና ሊጋለጥ ይችላል ማለት ነው። ክትባቱ ግን ይህን ጉዳት አያስከትልም።

መደምደሚያ

በክትባት የተጠበቁ እናቶች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ የእናት መከላከያ ካለቀ በኋላ እስከ 9 ወር ድረስ ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። በወረርሽኝ ጊዜ ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ክትባት መስጠት ይህን ክፍተት ለመሸፈን ይረዳል፤ መደበኛዎቹን ሁለት ክትባቶች ግን አይተካም። በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የእናቶችንና የሕፃናትን የፀረ እንግዳ አካል መጠን በወራት ተከፋፍሎ መለካት ለመርሐ ግብሩ ቀጣይ ውሳኔዎች አስፈላጊ መረጃ ይሰጣል። እስከዚያው ድረስ በ9 ወር የመጡ ሕፃናት ሁሉ በ15 ወር መመለሳቸውን ማረጋገጥ ቀዳሚው ተግባር ነው።