ቤት ቁጥር 12 የየትኛው ብሎክ?

ለዛሬው የትምህርት አምዳችን ጃቫስክሪፕት ለሚጀምሩ ልጆች የሚሆን ነገር ይዤ ቀርቤያለሁ። ጃቫስክሪፕት በድረ ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ቁልፍ የምንቀይርበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከመቀየራችን በፊት ግን የትኛውን እንደምንፈልግ በትክክል መጥራት አለብን። ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው።

አያት ወይም ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ቶሎ ይገባችኋል። አንድ ሰው «ይሄን ቤት ቁጥር 12 አድርስልኝ» ቢላችሁ «የየትኛው ብሎክ?» ትላላችሁ። ኮምፒውተር ግን አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያገኘውን 12 ያንኳኳል!

አሁን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ያለበት ገጽ አስቡ። የሁሉም ውጤት ክላሱ «ውጤት» ይባላል። ክላስ ስል የመማሪያ ክፍል ማለቴ አይደለም፤ የጋራ ስም ነው፣ ሰማያዊ በነጩ ሚኒባስ ሁሉ «ታክሲ» እንደሚባለው። «ኩዌሪ ሴሌክተር» ለሚባለው ትእዛዝ «.ውጤት» ብለን ብንሰጠው (ነጥቧ ክላስ ማለት ናት) ከላይ ያለውን አንዱን ብቻ ያመጣል። ስለዚህ ለ23ኛው ተማሪ 85 እናስገባለን ስንል የ1ኛውን ተማሪ ውጤት እናጠፋለን። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ተሳስታችኋል» አይልም። ያ ልጅ ምን አደረገ? ስሙ በ«ሀ» ስለጀመረ ብቻ ስም መጥሪያው ላይ አንደኛ ሆነ እንጂ!

መፍትሔው አይዲ ነው። አይዲ በአንድ ገጽ ላይ የአንድ ነገር ብቻ ስም ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ መስመር አይዲ እንሰጥና እንዲህ እንጠራለን፦

#ተማሪ23 .ውጤት

መጀመሪያ ብሎኩ፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ቤት ማለት ነው። «#23» ብቻ ብትሉ ግን አይሰራም፤ ከ«#» ቀጥሎ ቁጥር መቅደም የለበትም። የሁሉንም ውጤት በአንዴ ከፈለጋችሁ «ኩዌሪ ሴሌክተር ኦል» አለላችሁ።

አይዲና ክላስ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጻፍ የሚመስላችሁ አላችሁ። በፊደላችንም ይሰራል! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ለእኛ «ስም» እና «ሥም» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። አንዱን ጽፋችሁ በሌላው ብትጠሩ «ነል» ይላችኋል፣ ምንም አላገኘሁም ማለቱ ነው።

የእትሙ ጥያቄ፦ «#ተማሪ23 .ውጤት» ላይ መሐል ያለችው ክፍት ቦታ ብትጠፋ ምን ይፈጠራል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ።