ለእህቴ ልጅ፣ ስለ ስልክ ትውልዶች

የኔ ልጅ፣ «አምስተኛው ትውልድ ይሻላል ወይስ እየተዘጋጀ ያለው ስድስተኛው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በአራተኛው ልመልስልሽ፤ ዋይማክስና ኤልቲኢ የሚባሉ ሁለት ቴክኖሎጂዎች ስለ እሱ የተፎካከሩበትን ክርክር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አይቼዋለሁ።

1. ከፍጥነቱ አትጀምሪ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሜጋ ቢት በአንድ ማማ ሥር ያለው ሰው ሁሉ የሚካፈለው ነው። ሌሊት ብቻሽን የምታገኚውና ቅዳሜ መርካቶ መሐል የሚደርስሽ አንድ አይሆንም።

2. ቀድሞ የደረሰ ሁሉ አሸነፈ አትበይ። ዋይብሮ የሚሉትን የዋይማክስ ወገን ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረች፤ አሜሪካ በ2008 ባልቲሞር ላይ ተከተለች። ኤልቲኢ ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ አገልግሎት የጀመረው በ2009 መጨረሻ ነው። እኔም ያኔ ዋይማክስ ያሸንፋል ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ኢንቴልን የሚያህል ኩባንያ ከጀርባው ቆሞ ነበርና። ደግሞም ሁለቱ በአሠራር ይቀራረባሉ፤ ሞገዱን በቀጫጭኑ ከፋፍለው በብዙ አንቴና ይልካሉ። ልብ ያላልኩት ሌላ ነገር ነበር። የዓለም አብዛኛው ኦፕሬተር ጂኤስኤም የሚባለው የሞባይል ሥርዓት ቤተሰብ ነው፤ ኤልቲኢም የተወለደው እዚያው ቤት ነው። አዲሱ ማማ ባልደረሰበት መንደር ስልኩ ወደ ሦስተኛው ትውልድ ተመልሶ ይሠራል። ዋይማክስ ግን ከኮምፒውተሩ ሰፈር የመጣ እንግዳ ነበር፤ ከነባሩ ኔትወርክ ጋር ማላመድ ብዙ ልፋት ጠየቀ። ቺፕ ሠሪው ኳልኮም እንኳ ዩኤምቢ የሚባለውን የራሱን ተፎካካሪ ቴክኖሎጂ በ2008 ትቶ ወደ ኤልቲኢ ዞረ። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲያሳዩሽ ከአሮጌው ጋር እንዴት እንደሚኖር ጠይቂ።

3. ባትሪን አትናቂ። ኤልቲኢ ከስልክ ወደ ማማ ለሚሄደው መልእክት ኃይል የሚቆጥብ የተለየ አላላክ መርጧል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

4. በስሙም አትታለዪ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአራተኛው ትውልድ ያስቀመጠው ግብ፣ ብዙም ለማይንቀሳቀስ ተጠቃሚ፣ 1 ጊጋ ቢት በሰከንድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኤልቲኢና ዋይማክስ አልደረሱበትም፤ ኅብረቱ ግን በ2010 መጨረሻ ስሙ ለእነሱም ሊውል ይችላል አለ።

5. ሞገዱን ጠይቂ። 700 ሜጋ ኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል። የአምስተኛው ትውልድ 26 ጊጋ ኸርዝ ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ ነገር ግን ቅጠል እንኳ ያዳክመዋል። ከማማው ጀርባ ፋይበር መድረሱንም አጣሪ፤ ካልደረሰ አንቴናው ምንም ያህል ቢዘምን መንገዱ እዚያው ይጠባል። ለክረምት ስትመጪ ከቤታችን በላይ ያለውን ማማ አሳይሻለሁ፤ የትኛው አንቴና ለየትኛው ትውልድ እንደሆነ በጣቴ እየጠቆምኩ እነግርሻለሁ።