የቲሙ ሲያድግ፦ የአማናው ርክክብ



ስለ የቲም ስንነጋገር ዓይናችን የሚያርፈው በሕፃኑ ላይ ነው። በሰው ቤት አድጎ ለአቅመ አዳም የደረሰውን ወጣት፣ ለጋብቻ የደረሰችውን ልጃገረድ ግን እንዘነጋቸዋለን። እርግጥ ነው፣ በሸሪዓችን የቲምነት በብልግና ዕድሜ ያበቃል። የስሙ ማብቃት ግን የኀላፊነቱ ማብቃት አይደለም። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ6ኛው አንቀጽ ለጋብቻ ዕድሜ መድረስን ከሩሽድ፣ ማለትም ገንዘብን በአግባቡ ከመያዝ ብስለት ጋር አያይዞታል። ዕድሜ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ሩሽድ ግን ያለ አስተማሪ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የወጣቱን መብቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

1ኛ. የስም መብት፦ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ሲወርድ ወደ አባታቸው ስም ተመለሱ፤ የነቢዩ ፍቅር ግን አልጎደለባቸውም። እኛም የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ በወላጅ አባቱ ስም እናውጣ። በአንዱ ወረቀት የአባቱ፣ በሌላው የአሳዳጊው ስም ከሰፈረ፣ ነገ መታወቂያ ለማውጣትም ሆነ ወራሽነቱን ለማረጋገጥ ይጉላላል።

2ኛ. የንብረት መብት፦ ወላጆቹ የተዉለት ቤት፣ መሬት ወይም ገንዘብ ካለ አማና ነው። ከራሳችን ገንዘብ ለይተን በጽሑፍ እንያዘው። ያው የአን-ኒሳእ አንቀጽ ሀብታም አሳዳጊ እንዲታቀብ፣ ድኻው በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም፣ ርክክቡም በምስክሮች ፊት እንዲሆን ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም 18 ዓመት እስኪሞላው ንብረቱን የሚያስተዳድር ሞግዚት፣ በመጨረሻ ሒሳቡን እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

3ኛ. የመሠልጠን መብት፦ አንቀጹ የቲሞችን ፈትኑ ይላል። ኢማም ነወዊ በሚንሃጅ ኪታባቸው የነጋዴ ልጅ በመሸጥና በመግዛት፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ እንደሚፈተን ገልጸዋል። እንግዲያው ልጁን ከጎናችን ወደ ገበያ እንውሰደው፤ ጥቂት ገንዘብ ሰጥተን አያያዙን እንይ፤ ሲሳሳት እንምከረው። እስከ 18 ዓመቱ ሳንቲም ይዞ የማያውቅ ልጅ በማግስቱ ንብረት አስተዳዳሪ አይሆንም።

4ኛ. የቤተሰብነት መብት፦ በሰው ቤት ያደገ ልጅ ሲጎለምስ ከባዕዳን ሴቶች ጋር ሥርዓት መጠበቅ ግድ ይሆናል። ይህ ግን መኝታ ለመለየት እንጂ ደጅ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም። ዒድን አብሮን ያክብር፤ ኒካሑም እንደ ልጃችን ይደገስ። በማሳደግ ብቻ ወራሽ ስለማይሆን፣ ልንተውለት የምንሻውን በሕይወት ሳለን በስጦታ እንስጠው፣ አለዚያም ከሀብታችን ከሲሶ በማይበልጥ ወሲያ እንጻፍለት። ይህን ሳያደርጉ የሞቱ ደግ አሳዳጊዎች፣ ልጃቸው ባዶ እጁን ከቤት ሲወጣ አያዩም።

ለጋሾች ሆይ! ወርኃዊ ድጋፋችሁን ልጁ 18 ዓመት በሞላበት ወር አታቋርጡ። ትምህርቱን እስኪጨርስ ወይም ሙያ እስኪይዝ ድረስ ቀጥሉ፤ መቋጫውም የልብስ ስፌት መኪና፣ የአናጺ መሣሪያ ወይም የንግድ መነሻ ይሁን። የቲሙ ከዘካ ተቀባዮች መካከል የሚቆጠር ድኻ ከሆነ፣ ማደጉ ከዘካ አያስወጣውም።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ተቀብለው በሙሉ ከሚያስረክቡት ያድርገን። አሚን።