የሚጨብጥ እጅ

የአራስ ሕፃን መዳፍ ሲነካ ጣቶቹ ይጨብጣሉ። ይህ ምላሽ አስቦ የሚያደርገው አይደለም፤ የፊተኛው የአንጎል ክፍል እየጎለመሰ ሲሄድ በ6 ወር ገደማ ይጠፋል። በመርሳት በሽታ ይኸው ክፍል ሲጎዳ ግን ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም የአረጋዊውን መዳፍ ዳበስ፣ ከንፈራቸውንም ነካ አድርጎ ይመረምራል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ በጤነኛ አረጋውያንም ስለሚታዩ፣ ምርመራው ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ እናቱን የሚያስታምም ልጅ ከዚህ የሚማረው አለ። ሲያለብሳቸው እጁን ጨብጠው አልለቅም ያሉ ቢመስለው፣ እልኸኝነት ነው ብሎ መንጠቅ አይገባውም፤ የሚጨብጠው ሕመሙ ነውና ቀስ ብሎ ያላቅቅ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ቁጥር 13 አእምሮው ለደከመ ወላጅ የሚያዝዘው ትዕግሥት ከዚህ ይጀምራል።