ከመድኃኒቱ በፊት ባክቴሪያውን እወቂ
ለጀማሪ ፋርማሲስት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ መድኃኒት ቤት ልትገቢ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ ትቆሚያለሽ። የሁለታችንም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይህን ሰው ያመመው ማን ነው? መልሱ ሳይታወቅ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲቀናው ያድናል፣ ሳይቀናው ገንዘብም ጤናም ይበላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያዢልኝ።

1. መጀመሪያ ባክቴሪያ መሆኑን ጠይቂ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ የሴል ግድግዳ የለውም፤ ፕሮቲን የሚሠራበት የራሱ ራይቦዞምም የለውም፤ የሚራባው በእኛው ሴል ውስጥ ገብቶ በእኛው ዕቃ ነው። አሞክሳሲሊን ሊመታው የሚችል ነገር ቫይረሱ ላይ የለም። የሕፃናት ተቅማጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ኦ አር ኤስና ዚንክ እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም።

2. የግራምን ቀለም አትናቂ። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ያወጣው ዘዴ ዛሬም በየላብራቶሪው ይሠራበታል። ናሙናው ስላይድ ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በእሳት ነበልባል ላይ ያልፋል። ክሪስታል ቫዮሌት አንድ ደቂቃ ይፈስበታል፤ ታጥቦ አዮዲን ሌላ አንድ ደቂቃ፤ ከዚያ አልኮል። ጭንቁ ያለው አልኮሉ ላይ ነው። ሐምራዊው ቀለም መውረዱን እንዳቆመ ወዲያው በውኃ ካልታጠበ፣ ቀለሙን መያዝ የነበረበትም ይለቅና ውጤቱ ይሳሳታል። በመጨረሻ ቀዩ ሳፍራኒን ይጨመራል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ባክቴሪያ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል፤ ግራም ፖዘቲቭ ይባላል። ግድግዳው ስስ ሆኖ ከላዩ ሌላ የስብ ሽፋን የደረበው ደግሞ ሮዝ ይሆናል፤ እሱ ግራም ኔጋቲቭ ነው። በዚህ ላይ ቅርጹን ጨምሪበት፦ ድቡልቡል ነው ወይስ ዘንግ? ተከማችቷል ወይስ ተሰልፏል? ከታማሚው ወገብ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ሮዝ ድቡልቡሎች ከታዩ ሐኪሙ የማጅራት ገትር ባክቴሪያ መሆኑን ይጠረጥራል፤ የካልቸር ውጤት እስኪመጣ ቀናት አይጠብቅም።

3. እያንዳንዱ መድኃኒት የሚመታውን ቦታ ለይተሽ እወቂ። ባክቴሪያ ሲያድግ ግድግዳውን በየጊዜው እየከፈተ አዲስ ያስገባበታል። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ግንቡን የሚያያይዘውን ኢንዛይም ያስራሉ፤ ግንበኛው ተይዞ ማፍረሱ እንደቀጠለበት ቤት፣ ባክቴሪያው ውኃ እየገባበት ያብጥና ይፈነዳል። የሰው ሴል ግድግዳ ስለሌለው ከዚህ ይተርፋል። ዶክሲሳይክሊን፣ ጄንታማይሲንና አዚትሮማይሲን የባክቴሪያውን ራይቦዞም ይይዛሉ፤ ራይቦዞሙ ከእኛ የተለየ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ዲ ኤን ኤውን የሚያፍታታውን ኢንዛይም ያግዳል። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ፎሊክ አሲድ እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ እኛ ከምግብ እናገኘዋለን፣ አብዛኛው ባክቴሪያ ግን ራሱ መሥራት አለበት። የአንቲባዮቲክ ጥበብ ሁሉ ባክቴሪያው ኖሮት እኛ የሌለንን፣ ወይም የእኛ የተለየ የሆነውን መፈለግ ነው።

4. «ጠንካራ መድኃኒት» የሚባል ነገር እንዳያታልልሽ። ማይኮፕላዝማ የሚባለው የሳንባ ምች አምጪ ግድግዳ የለውም፤ አሞክሳሲሊን በምንም መጠን ቢሰጥ አይሞትም። ቫንኮማይሲን ብዙ ግራም ፖዘቲቮችን ይገድላል፤ የግራም ኔጋቲቭን የውጭ ሽፋን ግን አያልፍም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በሰም ስለተሸፈነ የግራም ቀለም እንኳ በደንብ አይይዘውም፤ ዚል ኒልሰን በሚባል ሌላ ቀለም ይፈለጋል፤ የተለመደው ሕክምናውም በአራት መድኃኒቶች ተጀምሮ ስድስት ወር ይዘልቃል። የመድኃኒት ብርታት የሚለካው በዋጋው ወይም በመርፌነቱ ሳይሆን ከባክቴሪያው ጋር በመግጠሙ ነው።

5. «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተብያለሁ» የሚል ሰው በተደጋጋሚ ይመጣብሻል። ሁለቱ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ዘመድ አይደሉም። ታይፎይድ የሚመጣው በተበከለ ምግብና ውኃ በሚገባ ሳልሞኔላ ነው። በቅማል የሚተላለፈውን ታይፈስ የሚያመጣው ግን ሴል ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሪኬትሲያ ነው፤ መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ ሴፍትሪያክሶን አይደለም። ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች የሚያሳዩት ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ የድሮ ሕመም ወይም ሌላ ባክቴሪያ ጥሎት የሄደውንም ሊያነቡ ይችላሉ። ታይፎይድን የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው።

6. መጠንና ጊዜ አታዛቢ። ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ባልበቃ መጠን የሚወሰድ ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ሳይገድል እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። አንዳንዱ ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመርታል፤ አሠራሩን የያዘውን ጂንም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል።

7. ስትሰጪ አስረጂ። ዶክሲሳይክሊን ከወተት ጋር አይወሰድም፤ ካልሲየሙ ይይዘዋል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ውጦ ወዲያው መተኛትም ጉሮሮ ያቆስላል። የእንክብል ዱቄት ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስ ይቅር በያቸው። ፔኒሲሊን ከመስጠትሽ በፊት «ከዚህ በፊት መድኃኒት ሰውነትዎን አሳክኮት ወይም አሳብጦት ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂ።

8. አክብረሽ እምቢ ማለትን ልመጂ። «ልጄ፣ ጉሮሮዬን ይዞኛል፣ ሁለት ፍሬ አሞክሳ ስጪኝ» የሚሉ እናት ሲመጡ አትቆጪ። «እማማ፣ ያስልዎታል? አፍንጫዎ ይፈሳል? ትኩሳትስ?» በያቸው። ሳልና ንፍጥ ካለ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፤ ዕረፍትና ትኩስ ነገር ይበቃል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ኖሮት የማያስል ልጅ ይዘው ከመጡ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ላኪያቸው። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነና ሳይታከም ከቀረ፣ ከሳምንታት በኋላ የልብ ቫልቭ የሚጎዳ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ስትሬፕቶኮከስ ደግሞ ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ከዋለ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ለፔኒሲሊን እጁን ይሰጣል። ለእማማ ጉንፋን የከለከልሽው መድኃኒት ለዚያ ልጅ ልብ የሚያስፈልገው ነው፤ እምቢ ስትዪ ይህን ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል።