በሃይድሮፎይል ክንፍ ሥር ሽብልቅ ለምታስገቡ ወገኖች ማሳሰቢያ

በመካው የሩሰይፋ ሰፈርና በጅዳ ለምትኖሩ፣ በዕረፍት ቀን ባሕር ለምትወርዱና በባሕር ዳር በመሣሪያ ኪራይና ጥገና ለምትሠሩ ሁሉ!

ሃይድሮፎይል ውሃ ውስጥ ባሉ ክንፎቹ ሰሌዳውን ከውሃው በላይ አንሥቶ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የአሜሪካ ዋንጫ የሸራ ጀልባዎች ቅድመ ውድድር፣ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የኢ-ዋን የኤሌክትሪክ ጀልባዎች የመጀመሪያ ውድድር በጅዳ የተካሄዱት በእንዲህ ዓይነት ክንፎች ነበር። ሽብልቅ ማለት የኋላ ክንፉን ለማዘንበል በሥሩ የሚገባ ቀጭን ቁራጭ ነው፤ ክንፉ በግማሽ ዲግሪ ሲዘነብል እንኳ የሰሌዳው ጠባይ ይለወጣል። ስለዚህ፦

አድርጉ
• ሰሌዳው የእናንተ ካልሆነ ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።
• ፋብሪካው የሠራው ሽብልቅ ካለ እሱን አስቀድሙ።
• የኋላ ክንፉን በያዙት ሁለት ብሎኖች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ 40 ሚሊሜትር ከሆነ 1 ዲግሪ የሚያዘነብለው 0.7 ሚሊሜትር ውፍረት ነው፤ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ወደዚያ ይጠጋል።
• አቅጣጫውን አረጋግጡ። የኋላ ክንፉ የኋላ ጠርዝ ከፍ ሲል የሰሌዳው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ዝቅ ሲል አፍንጫው ይወርዳል።
• ከግማሽ ዲግሪ ጀምሩ፤ ሞክራችሁ ብቻ ጨምሩ።
• ሽብልቁን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እያሳሳችሁ ክንፉ በሙሉ እንዲያርፍበት አድርጉ። በአንድ ብሎን ሥር ብቻ የገባ ቁራጭ ክንፉን ያጎብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋልም።
• ሽብልቁ የብሎኑን ርዝመት ይበላል። ጥርሱ ቢያንስ በብሎኑ ውፍረት ልክ መግባቱን እዩ፤ ካልገባ ረዘም ያለ ተጠቀሙ።
• የገባውን ሽብልቅ በሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ቀጥሎ ለሚወጣው ሰውም በቃል ንገሩ።
• የመጀመሪያውን ሙከራ የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳችሁ፣ ከዋናተኞች ርቃችሁ አድርጉ።
• ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ብሎኖቹንም ፈትታችሁ ግሪስ ቀቡ።

አታድርጉ
• ካርቶን፣ ጎማ ወይም ፕላስተር አትጠቀሙ። በውሃና በጫና ሲሟሽሹ ብሎኑ ይላላል።
• ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ አሉሚኒየም በካርቦን ክንፍ ሥር አታስገቡ። የቀይ ባሕር ጨው ከአብዛኛው ውቅያኖስ ይበዛል፤ ሁለቱ በጨው ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።
• የፊቱንና የኋላውን ክንፍ በአንድ ጊዜ አትለውጡ፤ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።
• የተሰነጠቀ ወይም የሚወዛወዝ ክንፍ በሽብልቅ አጣብቃችሁ ባሕር አትውጡ።
• የፕላስቲክ ቁርጥራጭ በአሸዋውም በባሕሩም አትጣሉ፤ ዛጎል ድንጋዩም ዓሣውም ይጎዳል።

በባሕር ላይ አደጋ ሲደርስ፣ ጅዳ ባለችበት በመካ ክልል በአጠቃላይ የድንገተኛ ቁጥር 911 ደውሉ።

ወገኖቻችን፣ ሽብልቁን ያስገባው ሰው ብቻ ሳይሆን ምንም ያልሰማው ቀጣዩ ተሳፋሪም ለአደጋ ይጋለጣል። የለወጣችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ስለማታውቁት ሰሌዳም ሳትጠይቁ አትውጡ።